ቀለበቶቹ የት የት ይቀመጡ?

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልጽፍ ነውና ምን ይዤ እንደምወጣ እንጃ። «ሰውዬው የሚጽፈው ጠፋውና ወንዝ ወረደ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ጉዳዬ ከዓሣው ጋር አይደለም፤ ከዘንጉም ጋር ቢሆን በከፊል ነው። ጉዳዬ ዘንጉ ላይ ከታች እስከ ላይ ከተደረደሩት፣ ክሩ ከሚሾልክባቸው ትንንሽ ቀለበቶች ጋር ነው፤ በተለይም በአንዱና በሌላው ቀለበት መካከል ካለችው ርቀት ጋር። ያቺ ርቀት የዋዛ አይደለችም። ሰው ሕግ ማውጣት ከጀመረ አንስቶ ሲከራከርበት የኖረ ጥያቄ ውስጧ አለ፦ ለሁሉም እኩል መስጠትና ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት አንድ ናቸው ወይ? ካልሆኑስ የሚገባውን ማን ይለካው?

መቼም ዕቃውን ሳናውቅ ክርክር ውስጥ አንገባም። እኛ አገር ዓሣ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው፤ ዝዋይም ሐዋሳም ጣናም ላይ። በመንጠቆ የሚያጠምደውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ክሩን በእጁ ይዞ፣ ወይ አንድ ልምጭ ጫፍ ላይ አስሮ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የማጥመጃ ዘንግ ማለት ጫፉ ላይ ሲባጎ የታሰረበት ዱላ ነው። በእንግሊዝ አገርም ለብዙ ዘመን ከዚህ እምብዛም አያልፍም ነበር። አይዛክ ዋልተን መጀመሪያ በ1653 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው፣ ከዚያም እያሰፋ ደጋግሞ ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ አንዳንዶች ሳልሞን ሲያጠምዱ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሽቦ ቀለበት አድርገው ክሩን በዚያ እንደሚያሾልኩ፣ ዘንጉ መሐል ወይም እጃቸው አጠገብም መዘውር እንደሚገጥሙ ይነግረናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ለውጥ ነው። ክሩ ጫፉ ላይ ከታሰረ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ወይ ዓሣው ይወጣል ወይ ክሩ ይበጠሳል። ክሩ ከሾለከ ግን ይለቁለታል፤ ሲደክም ይሰበስቡታል። ክሩ በዘንጉ ርዝመት መሮጥ ከጀመረ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በየት በኩል ይሂድ?

የዛሬው ዘንግ በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ነው። ታቹ የጣት ውፍረት አለው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከስንደዶ ብዙም አይወፍርም። በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በአውሮፓ ይህን ራቁቱን የሆነ ዘንግ ገዝተው እጀታውን፣ የክር መጠቅለያው መቀመጫንና ቀለበቶቹን በገዛ እጃቸው የሚገጥሙ ሰዎች ሞልተዋል። ለሌላ ሰው በትዕዛዝ የሚሠሩም አሉ፤ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ። ቀለበቱ የብረት እግር አለው፤ የውስጥ ክቡ ክሩ ሲፋተገው እንዳይበላ ከጠንካራ ሴራሚክ የተሠራ ነው። እግሩ ዘንጉ ላይ ተኝቶ በቀጭን ክር ይጠመጠማል፤ ጥምጥሙ ላይ ኤፖክሲ ይቀባል፤ ኤፖክሲው እስኪጠነክር ድረስ ዘንጉ በትንሽ ሞተር ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። የቀለበቶቹ ስፋትም አንድ አይደለም። ክሩን እየጠመዘዘ በሚለቅ መጠቅለያ ለሚሠራ ዘንግ፣ ከመጠቅለያው ቀጥሎ ያለው ቀለበት 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይችላል፤ ጫፍ አካባቢ ያሉት 5 ወይም 6 ቢሆኑ ነው። ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ፣ እንደ ጡሩምባ። ተወራጭቶ የሚመጣውን ክር ደረጃ በደረጃ እየገሩ መስመር ያስይዙታል።

እንግዲህ ሰባት ጫማ ርዝመት ያለው ዘንግና ስምንት ቀለበት ይዛችሁ ተቀመጣችሁ እንበል። የት የት ታስቀምጧቸዋላችሁ? የመጀመሪያው ሐሳብ ሜትር አምጥቶ ለስምንት ማካፈል ነው። ያምራል። ለዓይንም ለህሊናም ይመቻል። ማንም ቀለበት ተነሥቶ «ለሱ ብዙ ለእኔ ጥቂት» ሊል አይችልም።

ታዲያ ዘንጉ ሥራ ላይ ሲውል ምን ይሆናል? ዘንጉ ይጎብጣል፤ ሥራው መጉበጥ ነው። ክሩ ግን አይጎብጥም። ክር ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው ሲሄድ ቀጥ ብሎ አቋራጭ ነው የሚሄደው። ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ብዙ ስለማይጎብጥ ቀለበቶቹ ቢራራቁም ክሩና ዘንጉ አይለያዩም። ቀጭኑ የላይኛው ክፍል ግን እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ እዚያ ቀለበቶቹ ከተራራቁ ክሩ ኩርባውን ትቶ ሜዳውን ያቋርጣል። ያን ጊዜ በዘንጉ ርዝመት ላይ መሰራጨት የነበረበት ጫና ሁለት ሦስት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ዘንግ በእንዲህ ያለ ቦታ ይሰበራል። በእኩል ክፍፍሉ ታች ያሉት ቀለበቶች ሥራ ፈት ሆነው ሲቀመጡ፣ ላይ ያለው ቀጭን ክፍል ከአቅሙ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ሁሉም እኩል ደርሶታል፤ ዘንጉ ግን ተሰብሯል።

ይህን ሙያተኞቹ ድሮ ስላወቁት ሰንጠረዥ አላቸው። ቀለበቶቹ ከጫፍ በኩል ተቀራርበው ይጀምሩና ወደ እጀታው ሲወርዱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። የቀለበቱንም ብዛት በግምት የሚነግር ልማድ አለ፦ ዘንጉ ስንት ጫማ ነው? በዚያው ቁጥር ልክ ቀለበት፣ ከዚያ አንድ ጫፉ ላይ። ሰንጠረዡን ያዘጋጁት ብዙ ዘንግ የሠሩ፣ ብዙም የሰበሩ ሰዎች ናቸውና አይናቅም። ችግሩ ሰንጠረዡ የእናንተን ዘንግ አይቶት አያውቅም። ሁለት ዘንጎች በርዝመት አንድ ሆነው አንዱ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ፣ ሌላው እስከ እጀታው ድረስ የሚለመጥ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ስታጋድሟቸው ልዩነታቸው አይታይም። ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። ሰንጠረዡም ለሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል።

ይህን ሁሉ እኔ ከየት አመጣሁት? የዛሬ ጥቂት ዓመት ቨርጂኒያ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ከፖቶማክ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ሰፈር ነው። ጎረቤቷ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናቸውን ውጭ አሳድረው ጋራዡን ለዘንግ መሥሪያ ያደረጉ። ሥራ የፈታ እንግዳ ምን ያደርጋል? እሳቸው ጋ እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀለበቶቹን ሰንጠረዡ በሚለው ቦታ አስቀመጧቸው፤ ግን በክር አልጠመጠሟቸውም። በቀጭን ፕላስተር ብቻ ለጊዜው አጣበቋቸው። ክሩን በሁሉም ውስጥ አሾለኩና ጫፉን መሬት ላይ ከተቀመጠ ክብደት ጋር አሰሩ። እጀታውን አንድ ማቀፊያ ላይ አጥብቀው ክሩን ሲወጥሩት ዘንጉ ጎበጠ። ከዚያ ራቅ ብለው ከጎን ቆመው ማየት ጀመሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀለበት መካከል ክሩ ከዘንጉ ኩርባ ወጥቶ ነበር። ውጥረቱን አላሉ፤ አራተኛውን አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ገፉት፤ እንደገና ወጠሩ፤ እንደገና ዞር ብለው አዩ። አሁን ደግሞ አምስተኛው ተበላሸ። እሱንም አንቀሳቀሱት። «አንድ ቀለበት ቢጨመርስ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አላዋቂ ሁልጊዜ መጨመር ነው የሚታየው። ጫፍ አካባቢ የሚጨመር እያንዳንዱ ቀለበት፣ ጥምጥሙና ኤፖክሲው ጭምር፣ ክብደት እንደሆነ አስረዱኝ፤ ጫፉ የከበደ ዘንግ ይለግማል፣ ከታጠፈ በኋላ ቶሎ አይቃናም፣ ክሩንም ሩቅ አይወረውርም። ስለዚህ በቂው ስንት ነው የሚለው ራሱ በሙከራ የሚገኝ ነው። መጨረሻ ላይ ደጅ ወጥተው ሣሩ ላይ ደጋግመው ወረወሩ። ሲመሽ ከሰንጠረዡ የተለየው ነገር በጠቅላላው አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እሳቸው ግን አዲሶቹን ርቀቶች አንድ ደብተር ላይ ጻፏቸው። የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ሞዴል ዘንግ ደግሞ ሲመጣ ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከደብተሩ ነው የሚነሡት።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ አሪስቶትል ትዝ ቢለኝ አትፍረዱብኝ። ለልጁ ለኒቆማኩስ ስም በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ አምስተኛው ክፍል ላይ፣ ስለ ሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ያነሣል። እነዚህ ግንበኞች ከእርሳስ የተሠራ ማስመሪያ ነበራቸው። የብረት ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ የእርሳሱ ግን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጡት የድንጋዩን ቅርጽ ይዞ ይታጠፋል። አሪስቶትል ይህን ያመጣው ሕግ በጠቅላላ ቃል ስለሚናገርና ሕይወት ግን በዝርዝር ስለሚመጣ፣ ሕጉ ያላሰበው ጉዳይ ሲያጋጥም ሕጉን የሚያርም ሌላ ፍትሕ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው። ያንን የሚያርም ፍትሕ የእኛ የሕግ ሰዎች «ርትዕ» ይሉታል። እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ የሚያስገርም ነገር ሠርቷል። «ርቱዕ» በግዕዝ ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው። ግሪኩ በሚታጠፍ ማስመሪያ የመሰለውን፣ እኛ በቀጥታነት ጠራነው። የተጣሉ ይመስላሉ፤ ጋራዡ ውስጥ ያየሁት ዘንግ ግን አስታረቀልኝ። ክሩ ቀጥ ብሎ ያቋረጠ ጊዜ ነው ሥራው የተጣመመው፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ የጎበጠ ጊዜ ነው የቀናው።

ይህን ስል ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ ይታየኛል፤ ደግሞም ያጨማድድ። የሚታጠፍ ማስመሪያ ምን እንደሚያመጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? «እንደ ሁኔታው ይታያል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በየቢሮው ስንሰማት ልባችን የሚደነግጠው ለምን ሆነና! «ሁኔታው» ማለት ባለጉዳዩ የማን ዘመድ ነው ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ አይደል? እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ጆን ሴልደን፣ የዋልተን የዘመን ሰው፣ በዚህ ላይ ቀልዷል። ርትዕን ለዳኛው ህሊና መተው ማለት፣ የርዝመት መለኪያችንን «ጫማ» በዳኛው በራሱ እግር እንደመለካት ነው ይላል፤ አንዱ ዳኛ ረጅም እግር አለው፣ አንዱ አጭር። የእኛም ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲል፣ ሕጉ ከባድ ቢሆን እንኳ ሥርዓቱ ይሻለኛል ማለቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 1763 ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ በርትዕ ምክንያት የሰዎችን ውል እንዳይለውጥ ይከለክላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም።

ፍርሃቱን በዓይኔ ያየሁበት አንድ ስብሰባ አለ። ባስተማርኩበት አንድ ተቋም ውስጥ፣ የማጠቃለያ ፈተና ያመለጠው ተማሪ የሐኪም ማስረጃ ካላቀረበ ኤፍ ያገኛል የሚል ደንብ ነበር። አንዲት ተማሪ እናቷ ሞቱባትና ልትቀብር ገጠር ሄደች። መንገዱ ከአውቶቡስ በኋላ የእግር ነው። ስትመለስ ፈተናው አልፏል። የሐኪም ማስረጃ አልነበራትም፤ አልታመመችማ! ደንቡ የታመመ ተማሪ ያውቃል፤ እናቱ የሞተችበት ተማሪ አያውቅም። ተሰበሰብን። እኔ ትፈተን ካሉት ወገን ነበርኩ። በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡን አንድ ባልደረባ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለልጅቷ ከኪሳቸው የመሳፈሪያ ገንዘብ እንደሰጡ በኋላ ሰምቻለሁ። የሚሉት ዛሬ ለእሷ በከፈትነው በር ነገ የሚገባው ስልክ የሚያስደውል ባለሥልጣን ልጅ ነው የሚል ነበር። ፕላቶንን ጠቀሱ፦ ሕግ ማንም ጥያቄ እንዲጠይቀው እንደማይፈቅድ ግትር ሰው ነው ብሎ የተቸ እሱ ራሱ፣ ጥበበኛው መሪ በሌለበት ግን የተጻፈውን አጥብቆ መያዝ ሁለተኛው የተሻለ መንገድ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ጥበበኞች አይደለንም አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ ደንቡ ጸና። ልጅቷ አንድ ዓመት ተቃጠለባት።

በዚያው ወሰነ ትምህርት አንድ ሌላ ተማሪ ማኅተም ያረፈበት የሐኪም ማስረጃ ይዞ መጥቶ ያለ ምንም ስብሰባ ተፈተነ። ወረቀቱ ከየት እንደሚገኝና በስንት እንደሚገኝ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ የእኚያ ባልደረባ ፍርሃት ትክክል፣ መድኃኒቱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ደንቡን ቀጥ አድርገው ሲይዙት ባለ ስልኩን ያስቆሙ መሰላቸው። ባለ ስልኩ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የቆመችው ሰው የሌላት ናት። ቀጥ ያለ ደንብም ይታጠፋል፤ ልዩነቱ የሚታጠፈው በጓሮ መሆኑ ነው፣ ማን እንዳጠፈውና ለማን እንደታጠፈ ሳይታይ።

የሽማግሌው ሥራ ከዚህ የሚለየው የት ላይ ነው? እሳቸውም «ዘንጉ ለማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ግን ሰውየው ምን ዓይነት ዓሣ፣ በምን ውፍረት ክር፣ ከጀልባ ነው ወይስ ከዳር ሆኖ ያጠምዳል የሚል ነው። የአሪስቶትል እርሳስ ለድንጋዩ ይታጠፋል እንጂ ለድንጋዩ ባለቤት አይታጠፍም። ደግሞ ቀለበቱን ሲያንቀሳቅሱት ምክንያቱ ክሩ ላይ ይታያል፤ እኔ ምንም የማላውቀው እንግዳ ከጎናቸው ቆሜ ያንኑ ማየት ችያለሁ። ለምን አንድ ጣት ገፉት ተብለው ቢጠየቁ «እንደ ሁኔታው» አይሉም፤ ወጥረው ያሳያሉ። ያገኙትንም ደብተር ላይ ያሰፍሩታል፤ ነገ ለሚመጣው ተመሳሳይ ዘንግ የዛሬው ልዩ ሁኔታ ደንብ ይሆናል። የዚያች ተማሪ ጉዳይ እንዲህ ቢታይ ኖሮ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ቢለጠፍና ከእሷ በኋላ ወላጁ ለሞተበት ማንኛውም ተማሪ ቢሠራ፣ ለባለ ስልኩ ምን ይጠቅመዋል? በአደባባይ የተጻፈ ምክንያት ለእሱ አይመቸውም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያስቀናኛል። ሽማግሌው ሸክሙን የሚፈትኑት ቀለበቱ በፕላስተር ተይዞ ሳለ ነው። ጥምጥሙና ኤፖክሲው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ ዘንድ መመሪያ ሲወጣ መጀመሪያ ይጠመጠማል፣ ኤፖክሲ ይቀባል፣ እስኪያብረቀርቅ ይሽከረከራል፣ በስብሰባ ይመረቃል፤ ከዚያ ሰው ላይ ይጫናል። ሲሰበር ጥፋቱ የዘንጉ ነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ተማሪ፣ ሁሉም ግብር ከፋይ፣ ሁሉም ባለጉዳይ ጠረጴዛ ላይ እንደተጋደመ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። የት እንደሚለመጥ የሚታወቀው ሲሸከም ብቻ ነው። ለአንድ ወሰነ ትምህርት፣ ለአንድ ወረዳ፣ በፕላስተር ይዞ መሞከር ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ከሰዓት ነው የፈጀባቸው፤ ለዚያውም ለአምስት ሳንቲ ሜትር።

ልሄድ አካባቢ ጥምጥሙን ጨርሰው ኤፖክሲውን ቀብተው ነበር። የመጨረሻዋን፣ ጫፉ ላይ የምትሰካዋን ቀለበት ግን በኤፖክሲ አላጣበቋትም። ሲሞቅ የሚለሰልስ ማጣበቂያ ነበር የተጠቀሙት። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ያቺ ቀለበት ክሩ አብዝቶ የሚፋተጋት፣ የመኪና በር የሚመታት፣ ከሁሉ ቀድማ የምትጎዳው እንደሆነች ነገሩኝ። ትንሽ ሙቀት ሲያስጠጓት ተጠምዝዛ ትወጣለች፤ በአምስት ደቂቃ ሌላ ይተካል።